በነፃ የተገኘ ኮድ ሲቀላቀል፦ እርስ በርስ የማይስማሙ ፈቃዶች

ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ላለ አንድ የጅምላ መደብር የሚሠራ የመጋዘን ፕሮግራም እንውሰድ። ዕቃ ሲገባ ይመዘግባል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፣ የማስረከቢያ ሰነድ በፒዲኤፍ ያዘጋጃል፣ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። ሳቢያን ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩ ሁለት ሦስት ወጣቶች በሁለት ወር ሊጨርሱት ይችላሉ። በሁለት ወር የሚያልቀው ግን ሁሉንም ራሳቸው ስለሚጽፉት አይደለም። የቀን ስሌቱን ጆዳ-ታይም ከተባለው የጃቫ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ) ይወስዳሉ፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርጎ የሚቆጥረው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እዚያ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ፒዲኤፉን አይቴክስት ያዘጋጃል። ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው የማይኤስኪውኤል ማገናኛ ነው። የሰነዱ ፊደል አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው። አራቱም ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳሉ፤ አራቱም በደንብ ይሠራሉ።

አራቱም ግን የተሰጡት በተለያየ ፈቃድ ነው። ጆዳ-ታይም በአፓቼ 2.0፣ አይቴክስት ከ5ኛው ስሪት ጀምሮ በኤጂፒኤል 3፣ የማይኤስኪውኤል ማገናኛ በጂፒኤል 2፣ አቢሲኒካ በኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ። እያንዳንዱ ምን እንደሚጠይቅ ከታች እናያለን። ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀየር) አንድም ስህተት አይታይም። ፕሮግራሙ በፍላሽ ሄዶ መደብሩ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ግን ሠሪዎቹ አብረው ሊፈጸሙ የማይችሉ ግዴታዎች ውስጥ ገብተዋል።

እንዲህ ያለው ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ሰው ፈቃድ መጣስ ስለፈለገ አይደለም። ፈቃዶችን አንድ በአንድ እናነባለን እንጂ ጎን ለጎን አስቀምጠን አናነባቸውም። ለየብቻው ሲታይ ምንም የማያስቸግር ፈቃድ ከሌላው ጋር አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ መዘዝ ያመጣል። ጥያቄው «ይህን ላይብረሪ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ከእነዚያ ከሦስቱ ጋር አድርጌ፣ በዚህ መንገድ፣ ለዚህ ደንበኛ መስጠት ይፈቀዳል ወይ?» መሆን አለበት።

ነፃ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም

«ነፃ» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ሜዳ ላይ የወደቀ፣ ያገኘው የሚያነሳው ዕቃ ይመስላል። የክፍት ምንጭ ኮድ (ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሰው የጻፈው ዋናው ኮድ፣ ለሁሉም የቀረበ) ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም መብቱን አልተወም። «እነዚህን ነገሮች ካደረግህ ቅዳ፣ ለውጥ፣ ሽጥ» ብሎ ፈቀደ እንጂ። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጽሑፍ ጋር ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይዘረዝራል። ጥበቃው ሥራው በመፈጠሩ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ምዝገባ አይጠይቅም። ስለዚህ ፈቃዱ ውስጥ የተቀመጠውን ሁኔታ ያላሟላ ሰው መብት ሳይኖረው እንደቀዳ ይቆጠራል።

ይህ በውጭ ፍርድ ቤቶች የተፈተነ ነገር ነው። ለባቡር ከተማዋ ድሬዳዋ የሚቀርበው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ የተወሰነው የጃኮብሰንና የካትዘር ጉዳይ ነው። የሞዴል ባቡሮች መቆጣጠሪያ ከሆነ የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ፋይሎች ተወስደው፣ የጸሐፊዎቹ ስምና የመብት መግለጫው ተትቶ ለሽያጭ ቀረቡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፈቃዱ ሁኔታዎች በቅጂ መብት ሕግ የሚጸኑ መሆናቸውን አረጋገጠ። ለእኛ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የሰጠው ፍርድ ነው። ኦራንዥ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ለፈረንሳይ መንግሥት ፖርታል ጨረታ አሸንፎ ሲሠራ በጂፒኤል 2 የተሰጠ ላይብረሪ ተጠቅሞ ነበር፤ ፈቃዱን ባለማክበሩ ከ600 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። የመንግሥት ጨረታ፣ ከኢንተርኔት የተገኘ ላይብረሪ፣ ከዓመታት በኋላ የመጣ ክስ። ጨረታ ለሚወዳደር የድሬዳዋ ድርጅት ሁኔታው ሩቅ አይደለም።

ኮዱ ወዴት ይፈሳል?

ፈቃዶቹን ከላላው ወደ ጠበቀው እንደርድራቸው። ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ በጣም ላላ ያሉ ናቸው፤ ዋና ጥያቄያቸው የመብት መግለጫውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር እንዲሄድ ነው። አፓቼ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን በዚህ ላይ ሦስት ነገር ይጨምራል፦ የለወጥከው ፋይል ላይ መለወጥህን ጻፍ፣ «ኖቲስ» የሚባል ፋይል ካለ ይዘቱን አስተላልፍ፣ በዚህ ሥራ ላይ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ክስ ካነሳህ የተሰጠህ የፓተንት ፈቃድ ይቋረጣል። ኤምፒኤል 2.0 እና ኤልጂፒኤል መሃል ላይ ናቸው፤ የእነሱን ክፍል ክፍት አድርገህ ጠብቅ እንጂ የራስህን ክፍት አድርግ አይሉም። ጂፒኤል የጠበቀው ነው። ከእሱ ጋር ተዋህዶ የተሰጠ ፕሮግራም በሙሉ በዚያው በጂፒኤል፣ ከነሶርስ ኮዱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ኤጂፒኤል ይህንኑ በኔትወርክ ለሚገለገሉ ተጠቃሚዎችም ያሰፋዋል።

ስምምነቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ውሃ ተመልሶ ዳገቱን እንደማይወጣ፣ ኮድም ከላላው ፈቃድ ወደ ጠበቀው ይገባል እንጂ ከጠበቀው ወደ ላላው አይመለስም። የኤምአይቲ ኮድ ጂፒኤል ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የጂፒኤል ኮድ ወስዶ ጠቅላላውን «በኤምአይቲ ሰጥቻለሁ» ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጂፒኤልን እንደ አንድ ፈቃድ ስለሚያየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 እና በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ሁለቱም «ጠቅላላው ሥራ በእኔ ይሰጥ» ይላሉ፤ አንድ ሥራ ደግሞ የሁለቱን ጥያቄ አብሮ ሊያሟላ አይችልም። የሚያስታርቃቸው የመጀመሪያው ጸሐፊ የጻፋት አንዲት ሐረግ ናት፦ «ስሪት 2፣ ወይም እንደ ምርጫህ ከዚያ በኋላ የወጣ ማንኛውም ስሪት»። ይህች ሐረግ ካለች ኮዱን በ3 ስር ወስዶ መቀጠል ይቻላል። ከሌለች፣ ለምሳሌ እንደ ሊኑክስ ከርነል በ2 ብቻ ከተሰጠ፣ በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ «ጂፒኤል ነው» የሚል መልስ አይበቃም። ፋይሉ ራስጌ ላይ በኤስፒዲኤክስ መለያ (ፈቃድን በአጭር ስም መጻፊያ መደበኛ አሠራር) የተጻፈ መስመር ካለ መጨረሻው «ኦንሊ» (ይህ ስሪት ብቻ) ነው ወይስ «ኦር-ሌተር» (ወይም ከዚያ በኋላ) የሚለውን ማየት የግድ ነው።

አፓቼ 2.0ም ከጂፒኤል 2 ጋር የሚጋጨው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ጂፒኤል 2 በ6ኛው አንቀጹ ተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ መጣልን ይከለክላል። አፓቼ ስለ ፓተንት መቋረጥ ያስቀመጠው ሁኔታ ጂፒኤል 2 ውስጥ የሌለ ገደብ ነው። ጂፒኤል 3 ሲጻፍ ይህ ታስቦበት ቦታ ተሰጠው፤ ለዚህ ነው የአፓቼ ኮድ ወደ ጂፒኤል 3 የሚገባው፣ በ2 ብቻ ወደተሰጠ ሥራ ግን የማይገባው።

የመጋዘኑ ፕሮግራም ሲፈታ

አሁን ወደ መደብሩ ፕሮግራም እንመለስ። እዚህ ያሉት ግጭቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በፈቃዱና በሠሪዎቹ ፍላጎት መካከል ያለ ግጭት ነው። ወጣቶቹ ኮዳቸውን ዝግ አድርገው መሸጥ ይፈልጋሉ፤ ኤጂፒኤልና ጂፒኤል ይህን አይፈቅዱም። ሁለተኛው በፈቃዶቹ መካከል ያለ ነው። ወጣቶቹ ልባቸውን ከፍተው «ሁሉንም ክፍት እናድርገው» ቢሉ እንኳ፣ በ2 ብቻ የተሰጠ ጂፒኤል ከኤጂፒኤል 3 ጋርም ከአፓቼ 2.0 ጋርም አይዋሃድም። የመጀመሪያው ግጭት በውሳኔ ይፈታል። ሁለተኛው የሚፈታው ክፍሉን በመቀየር ወይም ከባለመብቱ የተለየ ፈቃድ በማግኘት ብቻ ነው።

የማይኤስኪውኤል ማገናኛ ባለመብት የሆነው ኦራክል ይህን የተለየ ፈቃድ ለክፍት ምንጭ ሥራዎች አስቀድሞ ሰጥቷል። ለዝግ ፕሮግራም ግን አይሠራም። ማገናኛው የሚጠራው በጃቫ መደበኛ የዳታቤዝ በይነገጽ በኩል ስለሆነ ፕሮግራሙ ከእሱ ጋር «አልተዋሃደም» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም መቀየሩ ከክርክሩ ስለሚቀልል ትቶ መቀየር ይሻላል። የማሪያዲቢ ማገናኛ በኤልጂፒኤል 2.1 ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ስሪት የተሰጠ ነው። ስትቀይሩ አንድ ነገር ያዙ፦ ከ3.0 ስሪት ወዲህ በ«ጄዲቢሲ፡ማይኤስኪውኤል» የሚጀምር የግንኙነት አድራሻ እንዲሁ ሲሰጠው አይቀበልም፤ አድራሻው በ«ጄዲቢሲ፡ማሪያዲቢ» መጀመር አለበት። ይህን ሳያውቁ የሚቀይሩ ሰዎች ማገናኛው አይሠራም ብለው ወደ ድሮው ይመለሳሉ።

በአይቴክስት ፋንታ ኦፕንፒዲኤፍ አለ። የአይቴክስት የቀድሞ ኮድ በኤልጂፒኤልና በኤምፒኤል ይሰጥ ከነበረበት ዘመን ተገንጥሎ የቀጠለ ስለሆነ የክፍሎቹና የትዕዛዞቹ ስሞች ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። አብዛኛው ሥራ በየፋይሉ ራስጌ ያለውን የፓኬጅ ስም መቀየር ነው። ግዕዝ ለሚያትም ሰው ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ቦታ ነው፤ ፊደሉ ሲጫን ኢንኮዲንጉ «አይደንቲቲ-ኤች» ሆኖ ፎንቱም ሰነዱ ውስጥ እንዲካተት ካልታዘዘ የአማርኛው ጽሑፍ ከፒዲኤፉ ላይ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ብቻ ይቀራል። ይህ የፈቃድ ጉዳይ ባይሆንም ላይብረሪ የቀየሩ ሰዎችን ተስፋ የሚያስቆርጥ ስህተት ነው።

አቢሲኒካ ምንም አያስቸግርም። የኦፕን ፎንት ላይሰንስ ፊደሉን ከማንኛውም ፕሮግራም ጋር፣ ዝግም ይሁን ክፍት፣ አያይዞ መስጠትን ይፈቅዳል፤ በፊደሉ የተዘጋጀ ሰነድም በፈቃዱ አይያዝም። የሚከለክለው ፊደሉን ለብቻው መሸጥን ነው። ቅርጹን የለወጠ ሰው ደግሞ የተጠበቀውን ስም ይዞ ማውጣት አይችልም፤ አዲስ ስም ይስጠው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በዚሁ ፈቃድ የተሰጠ ነው።

ጆዳ-ታይም ባለበት ይቆያል።

ሌላው መንገድ የንግድ ፈቃድ መግዛት ነው። አይቴክስትም ሆነ ማይኤስኪውኤል ኮዳቸውን ክፍት ማድረግ ለማይፈልጉ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሸጣሉ። ፍትሐዊ አሠራር ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ግን ዋጋ ከማስገባታችሁ በፊት አስቡበት። ከውል በኋላ የታወቀ የዶላር ወጪ ትርፉን ሊበላው ይችላል።

መቼ ነው ግዴታው የሚጀምረው?

ጂፒኤል በቤትህ የምታደርገውን አይቆጣጠርም። አንድ ድርጅት የጂፒኤል ኮድ ወስዶ፣ ለውጦ፣ ለራሱ ሥራ ብቻ ቢጠቀምበት ለማንም ምንም መስጠት የለበትም። ግዴታው የሚመጣው ቅጂው ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። በእኛ አካባቢ ቅጂ የሚተላለፈው እንዴት ነው? በፍላሽ ነው፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሲሆን በቴሌግራም በተላከ ፋይል ነው፤ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ተጭኖበት ከተሸጠ ኮምፒውተር ጋር ነው። ሦስቱም ማስተላለፍ ናቸው። ገንዘብ ተቀበልክም አልተቀበልክ ለውጥ የለውም፤ «ለሙከራ ነው የሰጠሁት» ማለትም አያድንም።

ፕሮግራሙ በራስህ ሰርቨር ላይ ሆኖ ደንበኛው በብራውዘር ብቻ የሚገባበት ከሆነ ቅጂ አላስተላለፍክም፤ ስለዚህ ጂፒኤል ዝም ይላል። ኤጂፒኤል ዝም አይልም። በ13ኛው አንቀጹ የተለወጠውን ፕሮግራም በኔትወርክ የሚገለገሉ ሰዎች ሶርስ ኮዱን የሚያገኙበት መንገድ እንዲቀርብላቸው ይጠይቃል። ዌብ ላይ የሚሠራ ሰው «እኛ ሰርቨር ላይ ነን፣ ጂፒኤል አይመለከተንም» ሲል በከፊል ልክ ነው፤ የጎደለው ያቺ የፊተኛዋ «ኤ» ናት። ሌላም ነገር አለ። ብራውዘሩ ላይ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ክፍል ወደ ደንበኛው ማሽን ይወርዳል፤ ስለዚህ እሱ ተላልፏል።

አንድ ስጋት ደግሞ ከልኩ በላይ ይጋነናል። የጂፒኤል ፕሮግራም የሰጠ ሰው ኮዱን ለዓለም ሁሉ በኢንተርኔት መልቀቅ አለበት የሚባለው ስህተት ነው። ቅጂውን ለተቀበለው ደንበኛ ሶርስ ኮዱን አብረህ ከሰጠኸው በቂ ነው። እርግጥ ደንበኛው መልሶ ለሌላ የመስጠት መብት አለው። ጂፒኤል 2 ኮዱን አብሮ ከመስጠት ሌላ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል የመግባት አማራጭም ያስቀምጣል። አብሮ መስጠቱ ይመረጣል፤ ከ3 ዓመት በኋላ ያኔ የተሰጠውን ስሪት ትክክለኛ ኮድ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ይህ ግዴታ በጂፒኤል 2 የተሰጠውን የማይኤስኪውኤል ሰርቨሩን ራሱንም ይመለከታል። ከፕሮግራማችሁ የተለየ ስለሆነ ኮዳችሁን አይነካም፤ ደንበኛው ማሽን ላይ ከፍላሻችሁ የጫናችሁት ግን እናንተ እስከሆናችሁ ድረስ አስተላላፊዎቹ እናንተ ናችሁ። የዚያኑ ስሪት የሶርስ ጥቅል እዚያው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ጉዳዩን ይዘጋዋል።

ጥቅሉ ሲታሰር የሚበላሸው

ትክክለኛ ላይብረሪ መርጦ ማሸጊያው ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ኤልጂፒኤል ዝግ ፕሮግራም ውስጥ መጠቀምን የሚፈቅደው ተጠቃሚው ላይብረሪውን በሌላ ስሪት መተካት እስከቻለ ድረስ ነው። የማሪያዲቢው ማገናኛ ለብቻው እንደ ጃር ፋይል (የጃቫ ኮድ የሚታሸግበት ፋይል) ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ይህ ያለ ምንም ድካም ይሟላል፤ አንዱን ፋይል አውጥቶ ሌላውን መተካት ነው። ሠሪዎቹ ግን ለጭነት እንዲቀል ብለው ሁሉንም አንድ ትልቅ ጃር ውስጥ ይጠቀልሉታል፣ ከዚያ ፕሮጋርድ በተባለ መሣሪያ በኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች ያጠፋሉ። ያኔ ማገናኛውን መተካት አይቻልም፤ ፈቃዱም ተጥሷል። መፍትሔው ኤልጂፒኤል የሆኑትን ከጥቅሉም ከስም ማጥፋቱም ውጭ መተው ነው። ኦፕንፒዲኤፍ በኤልጂፒኤል ወይም በኤምፒኤል 2.0 ስለተሰጠ ኤምፒኤሉን መምረጥ ይቻላል፤ ኤምፒኤል ስለ መተካት አይጠይቅም፤ የእሱ ፋይሎች ሶርስ የት እንደሚገኝ ለተቀባዩ መንገርና የለወጣችሁት ካለ ለውጡን ክፍት ማድረግ ይበቃል።

አንድሮይድ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አንዲት መስመር አለች። ሁለት ላይብረሪዎች «ሜታ-ኢንፍ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ላይሰንስ» የሚል ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲኖራቸው መተግበሪያውን የሚገነባው ግሬድል አንድ መንገድ ላይ ከአንድ በላይ ፋይል አገኘሁ ብሎ ይቆማል። ሠሪው የስህተቱን ጽሑፍ ይፈልጋል፣ «ይህን ፋይል አታካትት» የሚል መስመር ያገኛል፣ ይለጥፋል፣ ግንባታው ያልፋል። በዚያች መስመር የሁሉንም ላይብረሪዎች የፈቃድ ጽሑፍ ከመተግበሪያው ውስጥ አውጥቶ ጣለ። ኤምአይቲም አፓቼም የጠየቁት ዋናው ነገር ይኸው ጽሑፍ አብሮ እንዲሄድ ነበር። መስመሯን መጠቀም ካስፈለገ የፈቃዶቹን ጽሑፎች ሰብስቦ መተግበሪያው ውስጥ «ስለ ፕሮግራሙ» በሚል ገጽ ማሳየት ግዴታ ነው። ጃቫስክሪፕትም ላይ እንዲሁ ነው፤ ኮዱ ሲጨመቅ የፈቃድ ኮሜንቶች ይጠፋሉ፣ ወይም ኮዱን የሚጠቀልለው ዌብፓክ ለይቶ በሌላ ፋይል ያስቀምጣቸዋል። ያ ፋይል ወደ ሰርቨሩ ካልተጫነ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፈቃድ የሌለው ኮድ

ከጂፒኤል በላይ የሚያስፈራው ምንም ያልተጻፈበት ኮድ ነው። ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ፣ የቀን መቀየሪያ፣ የግዕዝ ቁጥር ማሳያ ብትፈልጉ የፈቃድ ፋይል የሌላቸው ብዙ ሥራዎች ታገኛላችሁ። ለሁሉም ክፍት ሆኖ መታየቱ ፈቃድ አይደለም፤ ያልተሰጠ መብት ሁሉ በጸሐፊው እጅ ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ ጸሐፊውን መጠየቅ። «ሥራዎን ፕሮግራማችን ውስጥ ልንጠቀምበት እንፈልጋለን፤ የፈቃድ ፋይል ቢጨምሩበት፣ ለምሳሌ ኤምአይቲ፣ እኛም ሌሎችም በአግባቡ እንጠቀምበታለን» የሚል አጭር መልእክት በዚያው በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ መጻፍ ነው። አብዛኛው ጸሐፊ ያልጻፈው ስላላሰበው ነው። በቃል ወይም በስልክ የተገኘ እሺታ ላይ ግን መደገፍ አይገባም፤ ነገ ፕሮግራሙን ለሚረከብ ሰው የሚታይ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ስታክ ኦቨርፍሎው ከተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሚቀዳ ኮድም ፈቃድ አለው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ የተጻፈው በክሪኤቲቭ ኮመንስ የባይ-ኤስኤ ፈቃድ 4.0 ስር ነው፤ ስም መጥቀስንና የተገኘውን ሥራ በዚያው ፈቃድ ማካፈልን ይጠይቃል። ይህ ፈቃድ ወደ ጂፒኤል 3 መግባት ይችላል፤ በጂፒኤል 2 ብቻ ወደተሰጠ ሥራ አይገባም፤ ዝግ ኮድ ውስጥም በእርጋታ አይቀመጥም። ሁለት መስመር ትዕዛዝ ማንንም አያስከስስም። የጳጉሜን ስሌት ከነምክንያቱ የሠራ 60 መስመር ግን የሰው ሥራ ነው። ሐሳቡን ተረድቶ፣ ገጹን ዘግቶ፣ በራስ አጻጻፍ መሥራት ይሻላል፤ ሐሳብና ስሌት በቅጂ መብት አይያዙም፤ የሚያዘው አጻጻፉ ነው።

ውሉ ላይ ያለች ዓረፍተ ነገር

የሶፍትዌር ግዢ ውሎች ላይ «የሶርስ ኮዱ ሙሉ ባለቤትነት ለገዢው ይተላለፋል» የሚል ቃል የተለመደ ነው። ሻጩ አንብቦ ይፈርማል። የጆዳ-ታይምን፣ የላራቬልን፣ የጃንጎን ባለቤትነት ግን ማንም ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ሊያስተላልፍ አይችልም፤ የራሱ አይደለምና። ስለዚህ ውሉ በተፈረመበት ቀን ተጥሷል ማለት ነው። ገዢውም ይጎዳል፤ ያልተሰጠውን ነገር እንደያዘ ያስባል። የሚሻለው እንዲህ ማለት ነው፦ «በአባሪው የተዘረዘሩት የሦስተኛ ወገን ክፍሎች በየራሳቸው ፈቃድ ይተዳደራሉ፤ ከእነሱ ውጭ ሻጩ የጻፈው ኮድ ባለቤትነት ለገዢው ይተላለፋል።» በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ውስጥ ካሉ ድርጅቶች ወይም ከጅቡቲ ደንበኞች ጋር ለሚሠራ ሰው ይህ አባሪ ቢዘገይም መጠየቁ አይቀርም፤ አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው በጥያቄው አይደነግጥም።

አባሪው ከባድ ነገር አይደለም፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃዋል። የክፍሉ ስም፣ ትክክለኛ ስሪቱ፣ ፈቃዱ፣ የተወሰደበት ቦታ፣ ተለውጦ እንደሆነና እንዴት እንደታሸገ። ፒኤችፒ ለሚጠቀም ኮምፖዘር «ላይሰንስስ» የሚል ትዕዛዝ አለው፤ ለፓይተን ፒፕ-ላይሰንስስ አለ፤ ለጃቫ ሜቨን የላይብረሪዎቹን ዛፍ ያሳያል። ዛፉን ማየት የሚያስፈልገው እናንተ የጠራችሁት አንድ ላይብረሪ ሌሎች 10 ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያነቡት ግን የላይብረሪው ጸሐፊ ያስመዘገበውን ነው፤ እጅ በእጅ ተቀድቶ የገባን ፋይል አያውቁትም። ለዚያ ፋይሎቹን ራሳቸውን የሚያነበው ስካንኮድ የተሻለ ነው። የተቀዳ ኮድ ላይ በዚያው ሰዓት ምንጩን በአንድ መስመር ኮሜንት መጻፍ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ስሪቱ በትክክል መጻፍ ያለበት ፈቃድ ስለሚለወጥ ነው። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ እስከ 7.2 በቢኤስዲ የተሰጠ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከ7.4 ጀምሮ ክፍት ምንጭ ወዳልሆኑ ፈቃዶች ሄደ፤ በ2025 በ8ኛው ስሪት ኤጂፒኤልን እንደ አማራጭ ጨመረ። ከቀድሞው ኮድ የተገነጠለው ቫልኪ በቢኤስዲ ቀጥሏል። ሰርቨሮችን በኮድ ማዘጋጃው ቴራፎርምም በነሐሴ 2023 እንዲሁ ተለውጦ ኦፕንቶፉ ተወለደ። አንዴ የተሰጠ ስሪት ፈቃዱ ወደኋላ አይነጠቅም፤ ሳያስቡ «ወደ አዲሱ አሳድግ» ማለት ግን ፈቃዱንም አብሮ መቀየር ሊሆን ይችላል። በፓይተን ለሚሠሩም ሁለት የሚመሳሰሉ ስሞችን መለየት ያስፈልጋል፦ የፕሮግራም መስኮቶች መሥሪያው ፓይኪውት በጂፒኤል 3 ወይም በንግድ ፈቃድ ነው፤ አጠቃቀሙ ከሞላ ጎደል አንድ የሆነው ፓይሳይድ ደግሞ በኤልጂፒኤል ይገኛል። ምርጫው በመጀመሪያው ቀን ምንም አያስከፍልም። 40 መስኮቶች ከተሠሩ በኋላ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ስህተቱ ከተገኘ በኋላ

ፕሮግራሙ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ግጭት መኖሩ ቢታወቅ መደበቅ ነገሩን ያከብደዋል። ጂፒኤል 2 ላይ ፈቃዱን የጣሰ ሰው መብቱ ወዲያው ይቋረጣል። ጂፒኤል 3 በር ይከፍታል፦ ጥሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ሰው ከባለመብቱ ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካረመ መብቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ባለመብቱ ሳያውቅ ራሱ ካቆመና 60 ቀን ምንም ማስታወቂያ ካልመጣም እንዲሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በቅድሚያ አዲስ ቅጂ መስጠት ይቁም። ቀጥሎ ክፍሉን መተካት ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለ የንግድ ፈቃድ መግዛት ወይም ኮዱን ክፍት ማድረግ የትኛው እንደሚቀል ይወሰን። ከዚያ የታረመው ስሪት ቅጂ ለደረሰው ሁሉ ይድረስ፤ ሐረር፣ ጭሮ፣ ጅጅጋ ያለው ደንበኛ ሳይቀር። ይህን ማድረግ የሚችለው ለማን የትኛውን ስሪት መቼ እንደሰጠ የጻፈ ሠሪ ብቻ ነው። መዝገብ ከሌለ የቴሌግራም መልእክቶችን ወደኋላ እያገላበጡ መሰብሰብ ይቻላል፤ ዛሬውኑ ቢጀመር ይሻላል፣ መልእክት ይጠፋልና።

የታረመው ሲጫን አዲሱን በአሮጌው ላይ መገልበጥ አይበቃም። አዲሱ የማሪያዲቢ ማገናኛ ስሙ ስለሚለይ የድሮው የማይኤስኪውኤል ጃር ፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ አይቴክስትም እንዲሁ። ማንም አይጠራቸውም፣ ስህተትም አያሳዩም፣ ሆኖም መደብሩ ሌላ ቅርንጫፍ ከፍቶ ሠሪዎቹ ያንኑ ፎልደር ሲገለብጡለት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ መጫኛው በመጀመሪያ የላይብረሪ ፎልደሩን ባዶ ያድርግ፣ ከዚያ አዲሶቹን ያስገባ፣ በመጨረሻም የፈቃዶቹ ጽሑፎች ያሉበትን ፎልደር አብሮ ያስቀምጥ።